ሶሉ ንጹሕ የነበረው ሰው

በላስታ ምድር ጫማ የሚያውቅ ሰው ቢቆጠር አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን ገና አላገኘሁትም። ስሜ ካሴ ነው፤ አያ ካሴ ይሉኛል። ላሊበላ ደጅ ላይ ተቀምጬ ሰው አውልቆ የሚተወውን ጫማ ስጠብቅ ጠጉሬ ሸብቷል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ሰው በአንዱ በር ገብቶ በድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ በሌላው በር ይወጣል። ሲወጣ ጫማው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ያን የማደርገው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ጠባቂዎች ክር ያስራሉ፣ ጠጠር ይከታሉ፣ እንዲያም ሆኖ የቄሱን ለገበሬው፣ የገበሬውን ለጎብኚው ይሰጣሉ። እኔ ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። መቶ ሰው ቢገባ የመቶውን ጫማ ከነባለቤቱ ፊት እይዘዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለባለቤቱ ሳልመልሰው የቀረሁት አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ያም ጠፍቶብኝ አይደለም። እመጣበታለሁ።

ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥሁም። የአማርኛውን ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከጫማ ሶል ላይ፣ ጣቴን እያስኬድሁ ነው የተማርሁት። ዲያቆናቱ ሊፈትኑኝ ይመጡና «አያ ካሴ፣ ይሄኛው የት አገር ተሠራ?» ሲሉኝ ገልብጬ አነብላቸው ነበር። አሥር ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጡት አፋቸውን ይይዙ ነበር። መምህር የሌለው ሰው የማንም ውለታ የለበትም፤ ስለዚህ የማንንም አፍ አልፈራም። ከንባቡም በላይ ሶል ሰውን ይናገራል። ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ ሰው ኩሩ ነው፤ በውስጥ በኩል የተበላ ሸክም የለመደ ነው፤ ጫፉ የተበላ ችኩል፣ መሐሉ የተበላ ደግሞ ቤቱ ሚስቱ የምታዝዝበት ነው። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፣ ራሴ ያወጣሁት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ለምክር ቤት የሚወዳደር ወጣት ከነአጀቡ መጣ። ከፊቱ ካሜራ የያዘ ሰው ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጸዋል። «ከገነተ ማርያም እዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለ፣ እኔን ሳይሆን ካሜራውን እያየ። ጫማውን አወለቀና እንደ ደንቡ ከፊቴ አኖረው። አቧራ የለበሰ ጫማ ነበር። አነሣሁትና ሳልወድ ወደ አፍንጫዬ አቀረብሁት፤ የማስቲሽ ሽታ ሸተተኝ፤ ከሳጥን የወጣ አዲስ ጫማ ሽታ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ያ ሽታ አንገቴን ይዞ ወደ ሌላ ምርጫ ወሰደኝ።

ዘመኑ የማን ዘመን እንደነበረ አልጽፍም። በረባሶ ከጎማ ተቆርጦ በሃምሳ ሳንቲም የሚገዛበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። ሸራ ጫማ ሦስት ብር ያወጣ ነበር፤ ያን የገዛ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እግሩን እያየ ይሄዳል። የቆዳ ጫማማ በሠርግና በፍርድ ቤት ብቻ ነው የሚታይ። አሁን የሆቴል ማስታወቂያ የቆመባት ማእዘን ላይ ያኔ አንዲት ባለ ድርብ ክብ የድንጋይ ቤት ነበረች፤ ታች ፍየሎቹ፣ ላይ ደግሞ ባለቤቶቹ ያድሩባታል። ከደጇ አንድ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ በአንድ መኪናው ለአገሩ ሁሉ ካኪ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ ይሰፋ ነበር። ሲሰፋ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ መጥፎ ነበር፣ ግን ዛሬ እዚያ ማእዘን ስደርስ ጆሮዬ እሱኑ ይፈልጋል። በደጄ የሚወልቅ ጫማ ያኔ ብዙ አልነበረም። አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ መጥቶ በባዶ እግሩ ይገባል። በበዓል ቀን ሠላሳ ጥንድ ቢሰበሰብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጫማ አጠናው ነበር፤ ሰውም ይህን አውቆ፣ ሴት ልጁን ሊድር ሲያስብ ሳይቀር «ካሴ፣ የእገሌን ልጅ ጫማ እስቲ እየው» ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የሽማግሌ ወንበር ግን ያኔ ነው የያዝሁት።

ለምክር ቤት የተወዳደሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው አጥናፌ የሚባል የእህል ነጋዴ ነው፤ የምርጫ ምልክቱ ቁልፍ ነበር። ሁለተኛው ወርቁ የሚባል ከኩልመስክ በኩል የመጣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ ምልክቱ ጃንጥላ። ሁለቱም የማሉት ድልድይ ለመሥራት ነበር። ከእኛና ከገነተ ማርያም መካከል አንድ ወንዝ አለ፤ ስሙን አልጠራውም፣ አይገባውም። በበጋ ፍየል ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን በየዓመቱ ሰው ይበላል። እህቴ ሙሉና ባሏ በሪሁን ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖሩት። ስለዚህ ያ ምርጫ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አልነበረም።

ሁለቱም በአንድ የማርያም ቀን መጡ። አጥናፌ ከታች ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ በእግሩ፣ ላብ በላብ ሆኖ። የጋቢው ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። ጫማው ተረከዙ ተበልቶ፣ ግራው በጎማ ተጠግኖ፣ ማሰሪያው ገመድ ነበር። ወርቁ ከምንጩ በኩል መጣ። ቡናማ የቆዳ ጫማ አድርጓል፤ ፊቱ ታጥቦ፣ ሙሽራ መስሏል። አወለቀና እጅ ነሥቶ ገባ። ሁለቱንም ገለበጥሁ። የአጥናፌ ሶል ላይ ቀዩም ጥቁሩም አፈር ተለጥፏል። የወርቁ ሶል ግን እንደ ሕፃን መዳፍ ንጹሕ ነው፤ የሠሪው ማኅተም እንኳ አልደበዘዘም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ ቄስ ገብሬ፣ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ። «ካሴ፣ እስቲ ፍረድ። ለማን እንስጥ?»

«አባ፣ እኔ ጫማ ጠባቂ ነኝ» አልሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን ነበር።

«ጫማውን ነዋ የምንጠይቅህ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ሁለቱን ጫማ በሁለት እጄ አነሣሁ፤ ሶሉን ለሕዝቡ አሳየሁ። «ይሄ» አልሁ፣ የአጥናፌን ከፍ አድርጌ፣ «ወደ እናንተ የመጣ ሰው ነው። ያኛው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ብቻ የተሠራ ነው። በዚህ ሶል አንድ ቀን እንኳ አልተሄደም።» እልልታ ሆነ። ወርቁ በሰው መሐል ቆሞ ይሰማኛል። ጫማውን ከእጄ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ አደረገና ሄደ። ምሽቱን ሳይጠብቁ ግጥም አወጡ፤ ገበያው ላይ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይሉት ነበር፦

እግሩ የቆሰለ ነው የሚያዝንልን፣
ጫማው የተበላ እሱ ይሁንልን።

የእኔ ቃል ነው ዘፈን የሆነው። ዛሬ በስልክ የሚለቀቀውን ጩኸት ሳይ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ ሁለት ጫማ ይዞ አገር ያሳመነበትን ቀን አስባለሁ። ኩልመስኮች ለጃንጥላው ሰጡ ተባለ፤ በእኛ በኩል ግን ድምፁ በቁልፉ ሳጥን ላይ ዘነበ። አጥናፌ አሸነፈ። ድግሱን በላን፣ ሄደ። መቼ ተመለሰ ብትሉ፣ ዛሬም አልተመለሰም። አዲስ አበባ ቤት ሠራ፣ ወፈረ፣ ሞተ። እግዜር ይማረው የሚለውን ሌላ ሰው ይበልለት።

በዚያው ዓመት፣ በገና በዓል ነው ነገሩ የታወቀኝ። ገና ላሊበላ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም፤ የሰው ጎርፍ ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል አንድ ጠይም፣ ረጅም ሰው መጥቶ ጫማውን ከፊቴ አኖረ። ግራው በጎማ የተጠገነ፣ ማሰሪያው ገመድ። የሰው ፊት ልረሳ እችላለሁ፣ ጫማ አልረሳም።

«ይህን ከማን ገዛኸው?» አልሁት።

«ምኑን ገዛሁት ጋሼ፣ የኔው ነው እንጂ። አራት ዓመቴ ነው።»

«ውሸታም። ይሄ የአጥናፌ ነው።»

ሳቀ። ደምሴ ይባላል፤ የአጥናፌ በቅሎ ጎታች ነበር። «ለምርጫው ቅስቀሳ ጌታዬ ወሰዱብኝ» አለ። «እሳቸው በቅሎ ላይ ሆነው መጡ፤ እኔ እሾህ ለእሾህ በባዶዬ ጎተትሁ። እዚህ ታች መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወረዱ፣ ጫማዬን አደረጉ፣ ጋቢያቸውን ጭቃ አስነኩ፣ ውሃ ፊታቸው ላይ ረጩ። እግራቸው ትንሽ ነው፤ እንዳይወልቅባቸው ጨርቅ ጠቅጥቀንበታል። ጨርቁን እንኳ አላወጡልኝም።»

እውነቱን ነው። በዚያን ቀን ጫማውን ስይዝ ከውስጡ ጨርቅ አይቻለሁ፤ ድሃ ስለሆነ ቀዳዳ የደፈነበት መስሎኝ ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደጁ ላይ ቆሜ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልሁ። ዘፈን የሆነ ቃል እንዴት አድርጎ ወደ አፍ ይመለሳል? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማልመካበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በቀጣዩ ክረምት፣ በነሐሴ፣ በሪሁን ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ወሰደው። ሁለት ቀን ፈለግነው። ሬሳው ከታች፣ ግራር ሥር ተገኘ። እህቴ ሙሉ ልቅሶው ላይ ደረቷን እየደቃች መጣችና፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ፊት ለፊቴ ቆማ አለች፦

ወንድሜ ጫማ አይቶ ሰው መርጦልኝ ነበር፣
ባሌን ጎርፍ ወሰደው ድልድይ ሳይሻገር።

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ባይዞሩም ሰምተውታል። ለአንድ ዓመት «ካሴ፣ እስቲ ፍረድ» የሚለኝ ጠፋ።

ከበሪሁን ተዝካር ስመለስ ከምንጩ በላይ ባለው አቀበት አንድ ሰው አየሁ። በትር ትከሻው ላይ አጋድሟል፤ በበትሩ ጫፍ ጥንድ ቡናማ ጫማ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰውየው በባዶ እግሩ ነው።

«ወርቁ አይደለህም?»

«ነኝ። አንተ ካሴ ነህ፤ ባለ ጫማው» አለ። ቂም ያለው ድምፅ አልነበረም፤ ቂም ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

«ጫማህ ምነው?»

«ጫማማ ለሰው ፊት ነው። ለድንጋይ ምን ያደርግለታል?» ወደ ምንጩ ወርዶ ቁጭ አለና እግሩን መታጠብ ጀመረ።

«ያን ጊዜስ? ለምርጫው ስትመጣ?»

«ያን ጊዜም ከኩልመስክ ሁለት ቀን በባዶ እግሬ። እዚችው ምንጭ ታጥቤ አደረግሁት። ወደ ማርያም በባዶ እግርህ ከመጣህ ምን አውልቀህ ትገባለህ? ማውለቁም እኮ ስጦታ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም? እዚያው ቆመህ እየሰማኸኝ!»

እግሩን በነጠላው ጫፍ እያደረቀ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው የሄደበትን መንገድ እየዞረ ይናገራል እንዴ? የሚያይ ሰው አለ ብዬ ነበር።»

ያኔ ተረከዙን አየሁት። ስንጥቁ ሳንቲም ይውጣል። በጋ የመታው ማሳ ነበር የሚመስለው። ይህ እግር በዚያ የማርያም ቀን ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ጫማውን ገልብጬ ሳነብ እግሩን አላየሁትም። አባቴም እኮ ጫማውን በበትር አንጠልጥሎ ነበር ገበያ የሚወርድ። አያቴም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ሸራ ጫማ ደጃችን ድረስ በብብቴ ይዤ ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ንጹሕ ሶል አይቼ «አልሄደም» አልሁ። አዋቂነት እንዲህ ያደርጋል፤ ያላወቀ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝቅ ብሎ እግሩን ያይ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ቦታ ቆምሁ። ስለ ደምሴ ጫማ ተናገርሁ፣ ስለ ምንጩ ተናገርሁ። «ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ» አልሁ። ቄስ ገብሬ «እግዜር ይፍታህ» አሉ፤ አንዱ ደግሞ «ጫማውን ፍታው!» አለና ተሳቀ። ሳቁን ዋጥሁት። ከዚያ ወርቁ ስለ ድልድዩ ማመልከቻ ጻፈ፤ መልስ የለም። ሌላ ጻፈ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው «ብዕሩን ተወውና ገጀራ ያዝ» አልሁት። ወንፈል ጠራን፤ ከወዲህም ከወዲያም ሰው ወጣ፤ ባሕር ዛፍ ጥለን ጠረብን፣ አጋደምን። ጎርፍ ወሰደው። ደገምን፤ ወሰደው። በሦስተኛው ጊዜ እኔ፣ መሐንዲስ ሳልሆን፣ የድልድዩን እግር ከእንጨት ሳይሆን ከድንጋይ አድርጌ ከአለቱ ጋር አያያዝሁት። ቆመ። ዛሬም ቆሟል፤ በሱ የሚሄድ ሰውና አህያ ብቻ ነው፣ መኪና አይችልም። እህቴ ሙሉ የመጀመሪያዋ ሆና ተሻገረች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆማ ወደ ታች ወንዙን ተፋችበት። ከዚያ ወዲያ ነው ያናገረችኝ።

ወደ ቅዳሜው ወጣት ልመለስ። ሲወጣ በመውጫው በር ጫማውን ይዤ ጠበቅሁት። ካሜራው ተከትሎታል፤ ሰዉም ተሰብስቧል።

«አያ ካሴ፣ ምን አየህ?» አለች አንዲት ቆሎ ሻጭ። «አንተ ያልኸውን ነው የምንሰጥ።»

ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ግን አቧራው ያለው ከላይ ነው፤ በሶሉ ቦይ ውስጥ አንድ ጠጠር እንኳ የለም። መንገድ አቧራን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያወጣው፤ የዚህ አቧራ ግን ከላይ የተነሰነሰ ነው። ይሁንና በንጹሕ ሶል አንድ ጊዜ ሰው ገድያለሁ። ስለዚህ አልፈረድሁም።

«ልጄ» አልሁት፣ «ካልሲህን አውልቅ።»

«ምን አሉ አባባ?»

«ካልሲህን። እግርህን ልየው።»

አጀቡ አጉረመረመ። ልጁ ካሜራውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ እየሳቀ አወለቀ። ያ ተረከዝ የተልባ ዘይት የተቀባ ነው የሚመስለው። ድንጋይ ቀርቶ ምንጣፍም የከበደው እግር። ከገነተ ማርያም እዚህ በአዲስ ጫማ የሄደ እግር ቢያንስ አንድ ቦታ ውሃ ይቋጥራል።

«እንግዲህ እግር ነው የምትመርጡት?» አለ ፊቱ እየቀላ። «አባባ የድሮ ሰው ነዎት። ዘንድሮ የሚመረጠው ሐሳብ ነው።»

«ሐሳብህንማ ሰምቻለሁ» አልሁት። «ከገነተ ማርያም በእግሬ መጣሁ ያልኸው የመጀመሪያው ሐሳብህ ነበር።»

ቆሎ ሻጯ ቆሎዋን እስክትደፋ ሳቀች። ካሜራ የያዘው ሰው መቅረጹን አቆመ። «ድልድዩን በኮንክሪት እንሠራዋለን!» አለ ልጁ ጫማውን ቆሞ እያጠለቀ። ከምቀመጥበት ድንጋይ ሥር አንሥቼ ያመጣሁትን ጨርቅ ፈትቼ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ አወጣሁና አሳየሁት። «ይህን ያደረገ ሰውም ድልድይ ብሎ ነበር፤ እኔ ጣልሁት። ከዚያ በገጀራ ሠራው። አንተ መጀመሪያ ባለው ድልድይ በእግርህ ተሻገርና ና፤ ያኔ ጫማህን እይልሃለሁ።» መኪናው ሲነሣ ያው አቧራ ተነሣ፤ ይሄኛው ከታች ወደ ላይ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ በዕድሜዬ ምን ሠራሁ ብዬ ቆጠርሁ። ሌሎች ሽማግሌዎች ልጅና በሬ ይቆጥራሉ። የእኔ ይኸው፦

ያለ መምህር በሁለት ፊደል አነበብሁ።

አንድ ሐሰተኛ ምክር ቤት አስገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሐሰተኞችን ከዚህ ደጅ መለስሁ፤ ቅዳሜ አራተኛው ሆነ።

የተናገርሁትን በተናገርሁበት ቦታ ቆሜ አፈረስሁ። በላስታ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም።

ሦስት ጊዜ ድልድይ ሠራሁ፤ ሁለቱን ወንዙ ወሰደ።

እህቴን ታረቅሁ፤ ሃያ ክረምት ያለ ሥጋት አሻገርኋት።

ከእጄ አንድም ጥንድ ጫማ አልጠፋም። ያልመለስሁት የወርቁን ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት ለማርያም መጣ፤ ሸምግሎም ቢሆን ያው ምንጭ ላይ ታጥቦ፣ ያው ቡናማ ጫማ አድርጎ። ሽፋኑ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል። አወለቀ፣ እጅ ነሥቶ ገባ። እኔ እንደ ደንቤ ቀድሜው መውጫው በር ላይ ጫማውን ይዤ ቆምሁ። እሱን ግን ነፍሱ ወጥታ በቃሬዛ አወጡት። ልጆቹ «ይሁን፣ አንተው ያዘው» አሉኝ። ደጁ ላይ ከምቀመጥበት ድንጋይ ሥር አለ፤ ሶሉ ዛሬም ንጹሕ ነው።